ቢጫ የያዘው ኮምፒውተር

ትርንጎ ጠዋት ሥራ እንደገባች ኮምፒውተሯን ውሃ አጠጣችው። ጠጣ፣ ጠጣና ቅጠሉን ዘርግቶ በራ።

በ2131 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ መጽሐፍ የሚነድፍ ሰው ሁሉ የሚሠራው በ«ቅጠሌ» ነው። ቅጠሌ ማለት በሸክላ ዕቃ የሚበቅል፣ ሰፊ ቅጠሉ እንደ ስክሪን ሥዕል የሚያሳይ ሕያው ኮምፒውተር ነው። ቀርፋፋ ነው። ፀሐይ ካላገኘ ያኮርፋል። ባንኩም ሆስፒታሉም መቶ እጥፍ በሚፈጥን ማሽን ሲሠራ፣ የመጽሐፍ ሰዎች ግን ቅጠሌ ላይ ሙጭጭ ብለዋል። ለምን ብላ ትርንጎ የጠየቀቻቸው ሁሉ «ያስተማረኝ ሰው በእሱ ነበር የሚሠራው» ይሏታል። መልስ ተብሎ!

የዛሬው ሥራ የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ሽፋን ነው፤ ብቻዋን ስትነድፍ የመጀመሪያዋ። ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት ሺህ ቅጂ ጭና ወደ ጂንካ የምትበር የአየር ጀልባ አለች። ካመለጠች የምትመለሰው ከወር በኋላ ነው፤ ልጆቹም ትምህርት የሚጀምሩት ባዶ እጃቸውን ነው።

ሽፋኑ ላይ አንዲት መምህርትና ነጭ ፍየል አሉ። የፍየሏ ነጭነት ግን ትርንጎን ደስ አላሰኛትም። ጠጋ ብላ ስታይ ቅጠሉ ራሱ ወደ ቢጫ ይላል።

«ወይኔ፣ ታሞብኛል እኮ!»

ሥሩ ላይ የብረት ማዕድን ያለው መድኃኒት አንጠባጠበችለት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ቅጠሉ ጥርት አለ። ቀለሞቹን እንደገና አስተካከለችና በራሷ ኮርታ ወደ ማተሚያው ላከች።

ብዙም ሳይቆይ የከተማዋን ማተሚያ ማሽን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ዳንጊሶ ግድግዳዋ ላይ በምስል ብቅ አሉ። ናሙናውን ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

«ትርንጎ፣ ይቺ መምህርት ጉበቷን አሟታል እንዴ?»

መምህርቷ እርድ መስላለች። ፍየሏማ አልጫ ውስጥ ወድቃ የወጣች ናት።

«ማሽንዎ ነው ጋሽ ዳንጊሶ! የኔማ ንጹሕ ነው። እንዲያውም ኮምፒውተሬን ዛሬ ነው ያከምኩት።»

«ምን አደረግሽ?»

«ቢጫ ይዞት ነበር፤ አዳንኩት።»

«አዳነችው!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አንቺ ልጅ፣ የመጀመሪያው ቅጠሌ እኮ በሽተኛ ነበር! ሁሉን ቢጫ አድርጎ ያሳያል፤ ነዳፊው ቢጫውን ይቀንሳል፤ እኛ ደግሞ መልሰን እንድንጨምር ማሽናችንን አስለመድነው። ሁለተኛው የነዳፊ ቤት ሥራው እንዲገጥምለት ከዚያው ተክል ቅርንጫፍ ወሰደ። ሦስተኛውም። ይኸው አርባ ቤት ሆነ።»

«ጤነኛ የተከለ ሰው የለም?»

«ነበረ። ሥራው ከማንም ጋር አልገጥም አለው። አሁን ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጠብሳል።»

«እሺ፣ ለዛሬ ብቻ ማሽኑን ያስተካክሉልኝ፣ በሞቴ!»

«የሌሎቹን ሠላሳ ዘጠኝ ቤቶች ሥራ ላበላሽልሽ? ሂጂና በሽተኛ ቅርንጫፍ ለምኚ!»

ትርንጎ ጫማዋ እስኪበጠስ ሮጠች። ጎረቤት ያለውን ቢሮ የከፈተችላት ምንታምር ናት፤ ባለፈው ዓመት የጀማሪ ነዳፊዎችን ሽልማት ከትርንጎ እጅ የነጠቀችው።

«በሽታ ልትለምኚኝ መጣሽ?» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ቅርንጫፉን ቆረጠች፤ ተከትላትም ሮጣ፣ ትርንጎ ከራሷ ቅጠሌ ግንድ ጋር ስታስረው ያዘችላት። በሽታው ቶሎ ተጋባ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ሁለቱም እልልታቸውን አቀለጡት።

ትርንጎ ቀለሞቹን ዳግም አስተካክላ ላከች፤ አምስት ሰዓት ላይ አዲሱ ናሙና ወጣ። ፍየሏ ወተት ትመስላለች።

ጋሽ ዳንጊሶ የመጨረሻውን ጥቅል ጀልባዋ ላይ ሲጭኑ ትርንጎ አጠገባቸው ነበረች።

«ግን እርስዎ እውነተኛው ነጭ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

«እኔ? አላውቅም። እናቴ ‹ነጭ ይሄ ነው› አለችኝ፤ አመንኳት።»

ጀልባዋ ከሐይቁ ላይ ተነሳች። ትርንጎ በዓይኗ ሸኘቻት። በሦስት ሺህ ትንንሽ ጭንቅላቶች ውስጥ ምን ዓይነት ቅጠል እንደበቀለ ማን ያውቃል? አንዱ ልጅ ፍየሏን ሰማያዊ አድርጎ ያያት ይሆናል። ብቻ ነገ ሁሉም ጣታቸውን ሽፋኑ ላይ ያሳርፉና፣ በአንድ ድምፅ «ነጭ!» ይላሉ።