የተደበቀው ሦስት ማዕዘን

ሦስት ማዕዘኑ የለም። ፕሮፌሰር ወረቀቱን ቢያዞረው፣ ቢያቀርበው፣ ቢያርቀው የሚታየው የመስመር ክምር ብቻ ነው። ፕሮፌሰር የተባለው ሁሌ ከክፍሉ አንደኛ ስለሚወጣ ነው፤ ዛሬ ግን አንዲት ሦስት ማዕዘን መከራውን ታበላዋለች።

ወረቀቱን ያደለችው ለጥናት የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሥራው በተወሳሰበ ሥዕል ውስጥ የተደበቀውን ቅርጽ ፈልጎ በእርሳስ ማድመቅ ነው። ሰው ነገሮችን የሚያይበት መንገድ ከትምህርት ውጤቱ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ማወቅ እንደምትፈልግ ነግራቸዋለች።

አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ የመጨረሻው ሥዕል ላይ ደርሳለች። «ቀስ በቀስ» ነው የሚሏት፤ ፈተና በሰዓቱ ጨርሳ አታውቅማ። ጉድ እኮ ነው! ፕሮፌሰር አንገቱን ሰገግ አድርጎ አንዷን ሥዕል ብቻ ሊያይ ነበር ያሰበው። ሁሉንም ገለበጠ።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር ወረቀት ሲሰበስብ ሁለቱን አስተያየ። አራተኛው ሥዕል ላይ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ስተዋል። ማን ከማን እንደገለበጠ ለመፍረድ አፍታም አልፈጀበትም፤ የቀስ በቀስን ወረቀት ለይቶ አስቀመጠና ነገ ወላጅ ይዛ እንድትመጣ አዘዛት።

እሷ አልተከራከረችም። እንደለመደችው ቁጭ አለች፤ ይኼ ነው ፕሮፌሰርን አንጀቱን የበላው።

«ግን እንዴት ነው የምታዪው?» አላት በሹክሹክታ።

«እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከተራረፈ ጨርቅ እጅጌ ይወጣው እንደሆነ የምመለከትላት እኔ ነኝ። ሙሉውን ትተህ አንዷን መስመር ብቻ ተከተል።» እርሳሷን አስቀመጠችና፣ «ነገ በኔ የተነሳ ሥራ ልትፈታ ነው» አለች።

ፕሮፌሰር አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። ዝም ቢል አንደኛነቱን የሚነካበት የለም። መምህሩም ቢሆን እሱን ይጠረጥራል ተብሎ አይታሰብም። እጁን አወጣ።

«የገለበጥኩት እኔ ነኝ። እሷ የራሷን ነው የሠራችው።»

መምህሩ ያልሰማ ይመስል አፍጥጦ አየው። ከዚያ የቀስ በቀስን ወረቀት አንስቶ ከሌሎቹ ጋር ደባለቀው፤ ስለ ወላጅም ደግሞ አላነሳም።

ፕሮፌሰር ከአጥኚዋ አዲስ ወረቀት ለምኖ ፊት ለፊት ካለው ባዶ ዴስክ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ሦስት ማዕዘኑ አሁንም የለም። ስሙን ጻፈና ጣቱን አንዷ መስመር ላይ አሳረፈ።