የፈንታሁን ቋጠሮ

ሬሳውን ያገኙት ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ርብ ወንዝ ዳር ባለ ቁጥቋጦ ላይ ውኃው አንጠልጥሎት ሄዷል። ሽማግሌው ፈንታሁን ነበሩ።

«ሊሻገሩ ሲሉ ውኃ ወሰዳቸው» አለ አገሩ ሁሉ። ደብረ ታቦር ሄደው መሬቷ ለተገፋባት ለአሰለፈች ሊመሰክሩላት ነበርና ወሬው የሚታመን ነው።

የጭቃ ሹሙ ዘውዱ ግን አገር የተስማማበትን ወሬ አይወድም። ተንበርክኮ ሬሳውን አየ። ሽማግሌው ሸማቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው እንዳደገደጉ ነው። ርብን የሚሻገር ሰው ደግሞ ሸማውን አውልቆ ራሱ ላይ ይጠመጥማል፤ ይህን የማያውቅ በዚያ አገር የለም።

«እኚህ ሰው አልተሻገሩም» አለ። «ተጥለው ነው።»

ሸማቸው ጫፍ ላይ የጠበቀ ቋጠሮ አለ። ሁሉም አዩት፤ ማንም አልነካውም። ወሰን ለማሳየት የማለ ሽማግሌ የቋጠረውን፣ ከራሱና ከቄስ በቀር የፈታ ሰው እጁ ይሰላል ይባል ነበር።

ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። አሰለፈች ባሏ ሲሞትባት ጎረቤቷ ጌጡ ማሳዋን እየገፋ አረሰ። ከሰሰችው። ነገሯን የሚናገርላት የባሏ ወንድም በላይነህ ነበር። በቀጠሮው ቀን ግን «ርብ ሞልቷል፤ ዳኛው ቀኑን አዛውሮታል አሉኝ» ብሎ አስቀራት። ዳኛው ምንም አላዛወረም፤ ከሳሽ ቀረች ብሎ ክሱን ሰረዘ። በላይነህም የሰማሁትን ነው የተናገርኩ ብሎ ማለ።

ደግነቱ ዳኛው አንድ በር ትቶላታል። ደመራ ሳይለኮስ ማስረጃዋን ይዛ ከተመለሰች ክሱ እንደገና ይሰማል። ደመራው ከተለኮሰ ግን የተገፋው መሬት እንደተገፋ ይቀራል፤ ልጇም የልጅ ልጇም አይጠይቁም። አሁን ደመራው ጥቂት ቀን ሲቀረው ምስክሯ ሞቱባት።

ዘውዱ መጀመሪያ የያዘው ጌጡን ነው።

«የት ነበርክ?»

«እብናት ገበያ። በሬ ስሸጥ።»

«ማን አየህ?»

«ገዢው። የገዢው ወንድም። የደላላው ሚስት ሳትቀር ሰድባኛለች።»

ሦስቱም መሰከሩለት። ሴትዮዋማ ስድቡን ደገመችው። ዘውዱ ጌጡን አይወደውም ነበርና ንጹሕ መሆኑ አናደደው።

ከዚያ ቄሱን አስጠራ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ቋጠሮውን ፈቱ። ሦስት የገል ስባሪ ወጣ።

ዘውዱ ነገሩ ገባው። ያ ማሳ ድሮ ሲካለል፣ እንደ አገሩ ወግ አንድ ጋን ተሰብሮ ስባሪው በየወሰን ድንጋዩ ሥር ተቀብሯል። ቀባሪው ያኔ ጎረምሳ የነበሩት ፈንታሁን ናቸው። የማለ ሽማግሌ ወሰኑን እየዞረ ገሉን ያወጣና ሸማው ላይ ይቋጥራል፤ አንዴ ከጀመረ ሳይጨርስ አያቆምም።

ወደ ጌጡ እርሻ ሄደ። አሰለፈች ተወሰዱብኝ ያለቻቸው ድንጋዮች ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ተገልብጠዋል፤ ሥራቸው ባዶ ነው። ሦስተኛው ገልስ ከየት መጣ? ሽማግሌው ይሄዱ እንደነበረው መስመሩን ይዞ ቀጠለ። መስመሩ የጌጡን እርሻ አልፎ የበላይነህ ገብስ ውስጥ ገባ። እዚያ መሐል ገብሱ ተረግጧል፤ አፈሩም በቅርቡ የተቆፈረ ነው።

በላይነህን ደጁ ላይ አገኘው።

«ገብስህ ውስጥ ማን ቆፈረ?»

«ጃርት ይሆናል።»

«ጃርት ገል ይወስዳል?»

በላይነህ ወደ ጓሮው ሊዞር ሲል ዘውዱ መንገዱን ዘጋበት።

«ቋጠሮው ተፈቷል።»

«ማን ፈታው?»

«ቄሱ።»

በላይነህ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌ ተሸክሞ ወንዝ የጣለ ሰው አንዲት ቋጠሮ መፍታት ፈርቶ ነበር።

«ወንድሜ እንደሞተ ድንጋዩን አፈር አለበስኩትና ማሳውን ገፋሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ ጌጡን ስትከስ እኔን ጨነቀኝ። ሽማግሌው ከዞሩ እኔም ዘንድ መድረሳቸው ነው። ቀጠሮውን ያስቀረሁባት ለዚሁ ነው። ያን ለት ጠዋት ገሉን ይዘው ገብሴ ውስጥ አገኘኋቸው። ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው። ‹ምያለሁ፤ ገና አልጨረስኩም› አሉኝ። ገፋኋቸው። ድንጋዩ ላይ ወደቁ።»

ለደም ክስ ጊዜ አልተቆረጠለትም፤ የፈንታሁን ልጆች በፈለጉት ቀን ይጠይቁታል። የአሰለፈች ክስ ግን፣ ፍለጋው ቀኑን በልቶት፣ የሚያበቃው በማግስቱ በደመራው ነው።

በማግስቱ ማለዳ አሰለፈችና በላይነህ፣ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ ወግ፣ ሸማ ለሸማ ተቆራኝተው መንገድ ጀመሩ። ዘውዱ ከኋላቸው ነው። በላይነህ ቀኑን ሊያስመሽ አንዴ እግሬን ይላል፣ አንዴ ጠማኝ ይላል። ርብ ዳር ሲደርሱ ጭራሽ ቆመ።

«ሸማ ሳይወልቅ ርብን የሚሻገር የለም። ቋጠሮው ይፈታ።»

ዘውዱ ወንዙን አየ፤ ማዶ ያለውን ጫካም አየ። ቋጠሮው ከተፈታ ሰውየው ይሮጣል፤ እሱን ሲያሳድዱ ደመራው ይለኮሳል። ካልተፈታ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይወሰዳል። ፈራላት።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አያ ፈንታሁንም ከነሸማቸው ነው የገቡት፣ አያ ዘውዱ» አለችና በላይነህን እየጎተተች ገባች።

ደብረ ታቦር ሲደርሱ ደመራው ተደምሮ ካህናቱ እየዞሩት ነበር። ዳኛው ሊነሳ ሲል አሰለፈች ፊቱ ቆመች። የሸማዋ ጫፍ ገና አልደረቀም። ዘውዱ የሰጣትን ሦስት ገል መሬት ላይ አድርጋ ገጣጠመቻቸው። ልክክ አሉ።

«ጌታዬ፣ ቀኔ አለፈ?»

ዳኛው ደመራውን አየ። ችቦው አልተለኮሰም።

«አላለፈም። ተከሳሽሽ ጌጡ የሚባለው ነበር?»

«ያኔ አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ናቸው።»

ሸማዋን ሳብ አደረገች። በላይነህ ተንገዳግዶ ከጎኗ ቆመ። ዳኛውም ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።