ራስጌው ወደ ባሕር

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከራሴ ብጨምርበት ምላጬ ዶልዱሞ ይቅር። የናጋሴ ደሴት ብቸኛ ጸጉር አስተካካይ ነኝና ከዚህ የከበደ መሐላ የለኝም። እዚህ ያለ አገጭ ሁሉ በእጄ አልፏል፤ ምስጢሩም አብሮ። የአዛውንቱን የቶኩጂን አሟሟት የፈታችው ኢንስፔክተር ኦሞሪ ናት ይባላል። እኔ ባልኖር ግን ምን ይዛ ትፈታው ነበር?

ቶኩጂ የቤተ መቅደሳችንን የሙታን መዝገብ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። «ቅድመ አያቴ ከዚህ ደሴት የወጣ መርከበኛ ነበር» እያለ ከየከተማው የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነበር። በየዓመቱ የሐምሌ ዝናብ ሲያባራ መዝገቦቹን ከቆጥ አውርደው ነፋስ ያስመቷቸው ነበር። ዘንድሮ በሞቱበት ጧት እኔና የካህኑ ሚስት እትዬ ኪኩኖ ልናግዛቸው ወደ ዕቃ ቤቱ ስንገባ፣ ሠላሳ እርከን ካለው መሰላል ሥር በደረታቸው ተደፍተው አገኘናቸው። ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ ሰውነታቸው ቀዝቅዟል።

ኢንስፔክተሯ በቀትሩ ጀልባ መጣች። አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት፤ አንዱን ጥያቄ ሁለቴ የመጠየቅ አመል አላት።

«የነኩት ነገር አለ?» አለችኝ።

«እኔ? ሬሳ ያለበት ቦታ እንዴት እንደሚጠበቅ ለፖሊሶቻችሁ ላስተምራቸው እችላለሁ። ትንፋሼን እንኳ ውጬ ነው የቆምኩት።»

«የነኩት ነገር አለ?»

«ምንም።»

እትዬ ኪኩኖ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። ስጨርስ ሻይ ሊያፈሉ ሄደዋል።

ኢንስፔክተሯ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አንዱን መዝገብ አንስታ ሽፋኑን አየች። ደም ነክቶታል።

«ሲወድቁ መጽሐፉ አጠገባቸው ነበር ማለት ነው» አለች። «የሞተ ሰው ደግሞ መጽሐፍ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መንገድ አሳያታለሁ ብዬ እንደ ጥላ ተከተልኳት።

መጀመሪያ የሄድነው ከኮቤ የመጣችው እንግዳ ወይዘሮ ሳዋኮ ዘንድ ነው። ደሴቱ በሙሉ ጣቱን የቀሰረው እሷ ላይ ነበር። የራስን ሰው ከመጠርጠር እንግዳ መጠርጠር ይቀላል፤ እኔም ከቀሳሪዎቹ አንዱ ነበርኩ።

«ትናንት ከቶኩጂ ጋር ተጣልታችኋል ይላሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

ኢንስፔክተሯ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«አልተጣላንም» አለች ሳዋኮ። «አልቅሼ ነው። የቅድመ አያቴን አባት ስም አገኙልኝ። በካፒቴን ጂንቤ መርከብ ከሰመጡት አሥራ አንድ መርከበኞች አንዱ ነው።»

«ይህ ብቻ አስለቀሰሽ?»

«ቀኑ ነው ያስለቀሰኝ። እዚህ ሬሳው ላልተገኘ ሰው የሚጻፍለት ከወደብ የወጣበት ቀን ነው አሉ። አሥራ አንዱም የተጻፉት በአንድ የጸደይ ቀን ነው። የካፒቴኑ ስም ግን ከእነሱ ጋር የለም። ቶኩጂ ገጹን ገለጡ፣ ገለጡ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በመኸር ወር ከሞቱት መካከል አገኙት። ሰዎቹን ጥሎ ተርፎ፣ ቤቱ ተደብቆ፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው።»

እኔ፣ ወሬ ከጀልባ ቀድሞ የሚደርሰኝ ሰው፣ ይህን አልሰማሁም ነበር። ካፒቴን ጂንቤ ከሰዎቹ ጋር የሰመጠ ጀግናችን ነው። የልጅ ልጁ ልጅ፣ የጀልባ ሠሪው ኩሬሃራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያስመርቅለት ጥሪ በትኗል።

ኩሬሃራን በጀልባ ሥር ሬንጅ ሲቀባ አገኘነው።

«ዛሬ ጧት ዕቃ ቤቱ ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም።»

«ሄደው ነበር? ተንሸራታቹ በር ላይ የሬንጅ አውራ ጣት ታትሟል።»

ብሩሹን አስቀመጠ። «ሄጄ ነበር። ያንን ገጽ ለሌላ ሰው እንዳያሳዩ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ፤ ወጣሁ።»

«ለምን ዋሹኝ?»

«ተንበርክኬ ነው የለመንኩት» አለ እያየኝ። «እሱ ፊት እንዴት ልናገረው?»

አመሻሽ ላይ ሁላችንም በቤተ መቅደሱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ለሳዋኮ ሰጠቻት።

«እባክሽ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ።»

ሳዋኮ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ወደ ራሷ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ራስጌው ወደ ተራራው ዞረ። ደሴተኛው ሁሉ በድንጋጤ ትንፋሹን ሳበ። እትዬ ኪኩኖ ሳያውቁት ሊያዞሩት እጃቸውን ዘረጉ።

«አያችሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እዚህ የተጻፉት ባሕር የወሰዳቸው ናቸውና፣ የናጋሴ ሰው መዝገቡን ራስጌውን ወደ ባሕር ሳያደርግ አያኖረውም። ይህን የነገሩኝ አቶ ኢሳኩ ናቸው።»

ስሜን ስሰማ አንገቴ አንድ ክንድ ሳይረዝም አልቀረም።

«ቶኩጂ ከወደቁ በኋላ መዝገቡን ያነሳ ሰው አለ። ሰውየው ቢደነግጥም እጁ ልማዱን አልረሳም፤ ራስጌውን ወደ ባሕር አደረገው። ስለዚህ ሳዋኮ አይደለችም። ሬሳውን ያገኙት ሁለቱ ምንም አልነኩም። ከእነሱ በፊት የገባው ደሴተኛ አንድ ነው፤ ካፒቴን ጂንቤ ሰዎቹን ጥሎ አልጋው ላይ መሞቱን የሚያሳየው ገጽ እንዲደበቅ ይፈልግ ነበር፤ ዋሽቶኛልም።»

ኩሬሃራ ቀስ ብሎ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ።

«አፍሬያለሁ» አለ።

አብሯት የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። እኔ ይህን ታሪክ ለደንበኞቼ እንዴት እንደምጀምረው በሆዴ እየቀመርኩ ነበር።

«መዝገቡ እኮ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም» አሉ እትዬ ኪኩኖ።

ድምፃቸው ሻይ ይጨመርልሽ ወይ እንደሚል ሰው ነበር።

«ቶኩጂ አቅፈውት ነው የወደቁት። ደረታቸው ሥር ነበር። ኢሳኩ ገና ስንገባ ሳበና አወጣው፤ ከዚያ ራስጌውን ወደ ባሕር አድርጎ አስቀመጠው። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። መሰላሉ ስድስት እርከን ነው፤ ሠላሳ የሚለው ኢሳኩ ብቻ ነው፤ እሳቸው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ሁለቱም እጃቸው መጽሐፉን ይዟል። በቃ፣ ወደቁ።»

«ለምን እስካሁን ዝም አሉ?»

«ይናገራል ብዬ። ሲያወራ ደግሞ መሃል ልግባ ቢሉት መግቢያ የለውም።»

ረስቼው ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን ምላጬን አስይዤ ምያለሁ።

ፖሊሱ ካቴናውን እንደያዘ ቀረ። ኩሬሃራ አሁንም ከምንጣፉ ቀና አላለም። ነጻ ነህ ያለው ሰው የለም፤ ቢባልም የካፒቴኑን ነገር አዳራሹ ሁሉ ሰምቶታል።

ኢንስፔክተሯ የማስታወሻ ደብተሯን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«የነኩት ነገር አለ?»