የሽማግሌው ድምፅ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው። እኔ ግን በእነዚህ በሁለት ጆሮዎቼ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ደግሞ የሚያስፈራ ነገር የሚመጣው በሌሊት ነው ያለው ማነው? የእኔው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ሕዝብ ግጥም ብሎ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ...

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር።

ፀጉር ሠሪ ነኝ። የምሠራውም እዚያው ቤታችን፣ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ምላሴ ከመቀሴ ይብሳል ይሉኛል። ባሌም ለዚህ ነው "ምላሶ" የሚለኝ። በዓለም ላይ በዚህ ስም የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

እሱ አጅሬ የሰርግ መድረክ መሪ ነው። ያላስመሰለው ሰው የለም። ቄሱን፣ ሚኒስትሩን፣ የአክስቴን ባል... ሁሉንም ቁጭ ነው የሚያደርጋቸው። ቤት ሲገባ እንኳ ማይክ የሚሞክር ይመስል በሩን በጣቱ መታ መታ ያደርግና፣

"ቼክ... ቼክ... ምላሶ፣ ይሰማል?" ይላል።

እኔም ከውስጥ፣ "አይሰማም! ጅብ ይብላህ!" እለዋለሁ።

እናቱ በሳቅ ይሞታሉ። እማማ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ልጃቸውን የሚያውቁት በድምፁ ነው።

ያን ሰሞን ጦርነት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግንባር ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር መቀሴን ጥዬ እሮጣለሁ።

እና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አማካሪ መጣ። የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው አቧራ ነክቶት የማያውቅ። የመጨረሻዋ ደንበኛዬ እስክትወጣ በትዕግሥት ጠበቀና፣ እኔና ባሌ ብቻ ስንቀር በሩን ዘጋው።

"ሽማግሌው ዐርፈዋል" አለ በሹክሹክታ።

ሽማግሌው የሚባሉት አገሩን የሚመሩት ሰውዬ ናቸው።

"ማንም አያውቅም። ከማዶ ያሉት ተዋጊዎች የሚያምኑት የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው። እርቁ ደግሞ ለመፈረም ጫፍ ደርሷል። መሞታቸው ከተሰማ..."

"ከተሰማ?" አለ ባሌ።

"የተረፈው ሁሉ ያልቃል። ስለዚህ በእሳቸው ድምፅ በሬዲዮ የሚናገርልን ሰው እንፈልጋለን። አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ይሄማ ቅጥፈት ነው!" አልኩ። ምላሴ መች ያስችለውና። "በሞተ ሰው አፍ ይነገራል እንዴ? ነውር አይደለም?"

አማካሪው አልተቆጣም። "እህቴ... ሐኪም እግር ቆርጦ ነፍስ ሲያተርፍ ጨካኝ ይባላል?"

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ "አይሆንም በይ" እያለ ይለምነኛል። ዕድሜ ልኩን ሲያስቀኝ የኖረ ሰው እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም።

እኔ ግን ያሰብኩት ወንድሜን ነው። እንደ ልጄ ያሳደግሁትን ወንድሜን።

"ሂድ" አልኩት።

በማግስቱ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለልኩ ሳለ ሬዲዮው ተናገረ። ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው! ከከባድ ቃል በፊት የሚያሰሟት ያቺ "እህም" እንኳ አልቀረችም። ደንበኛዬ "ዕድሜ ይስጥዎት አባቴ" ብላ አለቀሰች። እኔን ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

አጅሬ ሲመለስ በሩን አልመታም። ዝም ብሎ ገባ።

"እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ከአጠገቡ አስቀመጡኝ።"

"ከማን አጠገብ?"

"ከሬሳው። ቃናውን እንዳልስት ነው አሉ..." እጄን ያዘኝ። "ምላሶ... እኔ ስናገር... ከንፈራቸው..."

አልጨረሰውም። እኔም ጨርስ አላልኩትም።

ተኩሱ ግን ቆመ። የማይተዋወቅ ሰው መንገድ ላይ ተቃቀፈ። ወንድሜ ደውሎ "እህቴ፣ ተረፍን!" ሲለኝ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ውሸቷ ሠራች... ምን ልበላችሁ፣ ሠራች።

አማካሪው ግን "አንድ ጊዜ ብቻ" ያለውን ረሳው። መኪናው በየጊዜው መምጣት ጀመረ። ባሌም በሄደ ቁጥር ጎድሎ ይመለሳል።

መጀመሪያ የጠፋው ቀልዱ ነው።

ከዚያ ውሃ ሊጠጣ ሲል "እህም" ማለት ጀመረ።

ከዚያ ደግሞ ቀኝ እጁ ደህና ሆኖ ሳለ በግራው መብላት... ሽማግሌው ግራኝ እንደነበሩ የሰማሁት ኋላ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ገባና፣ "እንደምን ዋላችሁ?" አለ።

እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

"ኖር!"

"እማማ፣ ምን ሆነዋል? ልጅዎ እኮ ነው!"

"የልጄን ድምፅ አጣዋለሁ እንዴ? ይሄ ትልቅ ሰው ነው። ምን ትገተሪያለሽ፣ ወንበር አቅርቢ!"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ተጠግቶ ይስማቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

"በእግዜር" አለ... እና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

አማካሪው ዘንድ ሮጬ ሄድኩ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። "ባሌን መልሱልኝ! ገደል ይግባ ሥልጣናችሁ!"

"ትንሽ ታገሺ" አለኝ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "እርቁ ተፈርሞ ሽማግሌው ሲቀበሩ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።"

ይህችን ቃል ይዤ ከረምኩ። ሲቀበሩ ይለቁታል... ሲቀበሩ ይመለሳል... ስፌቱ እስኪፈታለት እንደሚጠብቅ ቁስለኛ ቀኑን ጠበቅሁት።

እርቁ ተፈረመ። ሽማግሌው ያን ዕለት የሞቱ ተደርጎ ተነገረ። በትልቁ አዳራሽ በተደረገው ስንብት ላይ እኔንና ባሌን ከፊት አስቀመጡን። ሣጥኑን የሚሸከሙት ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች ናቸው ተባለ። ቀና ስል አንዱ ወንድሜ ነው። ከስቷል፣ ግን በሕይወት አለ። በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ተራችን ደርሶ ወደ ሣጥኑ ቀረብን። ክዳኑ ተዘግቷል። ባሌ ከጎኔ ነው። ጎንበስ ብዬ በልቤ "እባክዎ ልቀቁት" አልኩ።

ያኔ ሰማሁት።

ከእንጨቱ ውስጥ... ቀስ ብሎ... መታ መታ።

"ቼክ... ቼክ..."

ጆሮዬን ወደ ክዳኑ አስጠጋሁ።

"ምላሶ... ይሰማል?"

የእሱ ድምፅ ነው! የባሌ፣ የራሱ! ያ የጠፋብኝ ድምፅ... ግን እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ።

"ምላሶ... ጨለመብኝ... ተናገሪ እንጂ..."

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ክፈቱት ልል ነው! ያኔ ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። ግራ እጅ።

"እህም" አለ ከጎኔ የቆመው። "ወንድምሽ ደህና ገባ አይደል?"

ዞር ስል ፊቱ የባሌ ነው። ዓይኑ ግን አያውቀኝም። ከኋላው የማዶዎቹ ተዋጊዎች አለቆች ተደርድረው ያዩናል። ገና ትናንት ነው መሣሪያ ያስቀመጡት። አሁን ሣጥኑ ቢከፈት፣ ለሳምንታት የበሰበሰ ሬሳ ቢታይ... እርቁ እዚያው ያበቃል። ወንድሜም ያንን ሣጥን አስቀምጦ ጠመንጃውን ያነሳል።

"ተጨነቅሽ" አለኝ በዚያ ረጋ ያለ የአባት ድምፅ። "የሚሰማ ነገር አለ?"

ከሣጥኑ ውስጥ ጣቶቹ እንጨቱን ይቧጥጣሉ። "ምላሶ... ይሰማል? ይሰማል?"

ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድበት የኖርኩት መልስ ከአፌ ወጣ።

"አይሰማም" አልኩ። "ምንም አይሰማም... ጌታዬ።"

እንጨቱ ላይ የነበረው ቧጨራ ቀጥ አለ።

ወታደሮቹ ሣጥኑን አነሱት። ወንድሜ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ጥቂት እንደተራመደ ፊቱ አመድ መሰለ። ዞሮ አየኝ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ... "እህቴ... ሰማሽ?"

አንገቴን ደፋሁ።

ከቀብር ስንመለስ ያ የባሌን ፊት የያዘው ሰውዬ በፊተኛው በር ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ወደ ጓዳ አለፍኩ።

እማማ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። ጆሯቸውን ሲሚንቶው ላይ ለጥፈውታል። ፊታቸው በርቷል፤ ልጃቸው ቤት ሲገባ እንደሚስቁት ይስቃሉ።

"እማማ... ምን ሆነዋል?"

"እሽሽ..." አሉኝና በጣታቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ።

ከሥር ሁለት ጊዜ ተመታ።

"አንቺን ነው የሚጠራው" አሉ በሹክሹክታ። "መልሺለት እንጂ።"