«ተቀምጦ ጠጣ»

ሁለተኛው ጥፊ ሃልቫርን ከግድግዳው ጋር አላተመው። የኮት መስቀያው ተገንጥሎ ጃኬቱ፣ ሻርፑ፣ የእናቱ ዣንጥላ ሁሉም አንድ ላይ ወረደበት። የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ቁመቱ አባቱን አልፏል። ግን እጁን አላነሳም። አፍንጫው እየደማ ቆሞ አባቱ ላይ አፈጠጠ።

«የታመመ ሕፃን ባለበት ቤት ታጨሳለህ?» አባቱ ሮላንድ ከጃኬቱ ኪስ ያገኘውን የሲጋራ ፓኮ ጨምድዶ ፊቱ ላይ ወረወረው። «ወንድምህን ልትገድለው ነው?»

«ውጪ ነው የማጨሰው አልኩህ! እዚህ ቤት አንዲት ቀን አጭሼ አላውቅም!»

«ዝም በል!»

እህቱ ቲራ ሁለት ዓመት የሆነውን ትንሹን ወንድሟን ሲክስተንን ታቅፋ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። የቀን እንቅልፉ ገና ሳይጸና ሳል ቀስቅሶት ደረቱ ያፏጫል። ጭምብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ይዛ የአስም መድኃኒቱን እየነፋችለት ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ሰው ሲመታ አይታ አታውቅም። ስዊድን ውስጥ ልጅ መምታት ወንጀል መሆኑን ሕፃናት መዋያ የሚውል ልጅ እንኳ ያውቃል። አባቷም ያውቃል።

ከዱላው የባሰው ነገር ሌላ ነው። ሲክስተንን ያሳለው የሃልቫር ሲጋራ እንዳልሆነ ቲራ ትጠረጥራለች፤ የምትጠረጥረውም ራሷን ነው።

ከአንድ ወር በፊት የሕፃናት ጤና ጣቢያው ነርስ እሷንና እናቷን አስቀምጣ ነግራቸው ነበር። «የበላው ወደ ላይ እየተመለሰበት ነው። የጨጓራው አሲድ ጉሮሮው ድረስ ሲወጣ የአየር ቧንቧውን ሊያስቆጣው፣ አስሙን ሊያብስበት ይችላል። ይችላል ነው ያልኩት፤ ሐኪሞቹም ገና አልተስማሙበትም። እስቲ እንሞክረው። መድኃኒቱ አይቋረጥ። አጥሚቱን ተቀምጦ ይጠጣ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደም ይቆይ። የየቀኑን ደብተር ላይ ጻፉልኝ።»

ተቀምጦ! የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ በረንዳ ላይ፣ በበረዶው መሀል፣ ጋሪው ውስጥ እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ የአጃ አጥሚቱን ከጡጦ እየጠባ ነው እንቅልፍ የሚወስደው። ቲራም እንደዚያው ነው ያደገችው። እናቷ ቅዳሜና እሁድ አረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ የሲክስተን የቀን እንቅልፍ የቲራ ድርሻ ነው። ሲያስቀምጡት ይነጫነጫል፤ ግማሽ ሰዓት ማቀፍ ደግሞ አለ። ጓደኞቿ በበኩላቸው የበረዶ ሜዳው ላይ ሆነው «የት ቀረሽ?» እያሉ በስልክ ይነዘንዟታል። ስለዚህ ጋሪው ውስጥ አጋድማው፣ ጡጦውን በብርድ ልብስ ደግፋ፣ ለአባቷ «ተኝቷል» ብላ ትወጣለች። ደብተሩ ላይ የምትጽፈው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተቀምጦ ጠጣ»።

ዛሬም እንዲሁ አጋድማው፣ ጫማዋን ሳታስር ሳሉ ጀመረ። አባቷ ተናዶ ደብተሩን አገላበጠ።

«መዋያ ሲውል ደህና ነው» አለ። «ቅዳሜና እሁድ ነው የሚብስበት። ሁልጊዜ ደግሞ ተቀምጦ ነው የጠጣው። እንግዲህ አጥሚቱ አይደለም። እዚህ ቤት ያለ ነገር ነው!» ከዚያ የሁሉንም ኪስ መፈተሽ ጀመረ።

አሁን የሃልቫርን አንገት ጨምድዶ ይዞ በሩን ከፈተ። «ውጣ! ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይህ!»

ሃልቫር ተገፍትሮ ደረጃውን በደረቱ ወረደው። ሲነሳ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ከበረንዳው ሥር የሆኪ ዱላውን መዘዘና የአባቱን መኪና የፊት መስታወት በሙሉ ኃይሉ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ መስታወቱ ወደ ውስጥ ተደረመሰ።

«አሁን በደንብ ምታኝ!» ብሎ ጮኸ። «አሁን ምክንያት አለህ!»

ሮላንድ በካልሲው ሮጦ ተከመረበት። በረዶው ላይ ተንከባለሉ። ዱላው ተሰበረ፤ የሃልቫር ሸሚዝ እስከ ብብቱ ተቀደደ። አባትየው ልጁን ደረቱ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ ቡጢውን ጨበጠና አንዴ አሳረፈበት። ነጩ በረዶ በደም ተረጨ። ቡጢው እንደገና ተነሳ።

«አባ! እኔ ነኝ!»

የቲራ ድምፅ ነው። ሲክስተንን እንዳቀፈች በባዶ እግሯ ደረጃው ላይ ወጥታለች። «አጋድሜ ነው የማጠጣው! ሁልጊዜ! ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው!»

ቡጢው አየር ላይ ቀረ። ሃልቫር ከአባቱ ሥር ተንፏቆ ወጣና አፉ የሞላውን ደም ተፋ። እህቱን አያት።

«እያየሽ ዝም አልሽ?» አላት። እያነከሰ ወደ ጎረቤት ሄደ።

ሮላንድ ኩሽና ገብቶ የተላጠ እጁን ታጠበ። ብዙ ታጠበ። ሲዞር ፊቱ ገርጥቶ፣ ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ቲራን ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራት ይህ ልስላሴ ነው።

«እናትሽ አሁን ትደርሳለች» አለ። «ሃልቫር አንሸራቶት ወደቀ እንላለን። የመኪናውን መስታወት ቅርንጫፍ ወድቆ ሰበረው። የደብተሩን ነገር ደግሞ ከኔ አትሰማም። አንቺም ከስድብ ትድኛለሽ። እሺ የኔ ልጅ?»

ቲራ ደስ አላት። ያሳፍራል፣ ግን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ማንም ሳያውቅባት ነገ ሰኞ ለቀጠሮው ሲሄዱ የነርሷን ፊት ማየት ትችላለች። ሲክስተን ትከሻዋ ላይ ቀና ብሎ መተንፈስ ቀሎታል፤ ማፏጨቱ ወደ ማንኮራፋት ተለውጧል። ቀጥሎ ሃልቫር ታወሳት፤ ያን ሁሉ ዱላ እሷ በጻፈችው ውሸት ነው የተቀበለው። አሁን ደግሞ ሌላ ውሸት ሊጨመርበት ነው።

በሩ ተከፈተ። እናቷ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ቁልፏን እንደያዘች ቆመች።

«በረዶው ላይ ያለው ደም የማን ነው? ሃልቫር የት ነው?»

«አንሸራቶት ወድቆ ነው» አለ ሮላንድ። «ትልቅ ነገር አይደለም። ቲራም አይታለች።»

ሁለቱም ወደ ቲራ ዞሩ። ቲራ ሲክስተንን ለእናቷ አቀበለቻት።

«አልወደቀም» አለች። «እማ፣ የምነግርሽ ሁለት ነገር አለ። የኔን ላስቀድም።»

አባቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።