በሩን የያዘው ጫማ

ኢንስፔክተር ሸዋርጋ ሮቤ ከተማ የሚገኘው የወንድዬ ጌም ቤት ስትደርስ፣ ሰውየውን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሶፋው ላይ ሞቶ አገኘችው። እግሩ አጠገብ የከሰል ምድጃ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ያልጠፋ ቴሌቪዥን አለ። በቴሌቪዥኑ ላይ ሰው አልባ የሆነ የፈራረሰ ከተማ ይታያል።

እሑድ እሑድ ጌም ቤቱ ለደንበኛ አይከፈትም፤ ወንድዬ ብቻውን የሚጫወትበት ቀን ነው። አስከሬኑን ያገኙት ባለ ሱቁ ጎረቤቱ ጋሽ ወዚር ናቸው።

«ወላሂ፣ በሩ ተቆልፎ ነበር» አሉ። «ሲዘጋ ራሱ ነው የሚቆለፈው። እኔ ዘንድ ባለው ትርፍ ቁልፍ ከፈትኩት። ከሰል ባለበት ቀን እኮ ዘግቶት አያውቅም፤ አየር እንዲገባ ግራ ጫማውን በሩ መሃል ይሸጉጣል።»

ሸዋርጋ ጎንበስ አለች። ሁለቱ ጫማዎች ግድግዳው ሥር ተጣምረው ተቀምጠዋል። የግራው ጎን በር እየጨፈለቀው ጎድጉዷል።

«ዛሬ ማን ማን መጣ?»

«ከሰሉን ሚስቱ ሮሚ አመጣችለት። ተጨቃጨቁና ‹ይሄ ጌም መቃብርህ ይሁን!› ብላው ወጣች። ከእሷ በኋላ ጓደኛው ገዳ ብቻ ነው የመጣው። ከሱቄ ሆኜ የግቢውን መግቢያ እንጂ ይህን በር አላይም።»

ውጭ የተሰበሰበው ሰፈር ግን ፈርዶ ጨርሷል፤ ሮሚ ናት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የሚያስታውስ አንድም ሰው አልነበረም። ሮሚ የሚጠባ ልጇን ታቅፋ፣ ዓይኗ አብጦ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ብትታሰር ሕፃኑን የሚይዝላት የለም።

«ተጣልታችሁ ነበር?» አለቻት ሸዋርጋ።

«መቼ ሳንጣላ ውለን! ቀናሁ፣ ኢንስፔክተር። ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጭላት ነበር፤ በቴሌቪዥን ሲቀኑ ምን ይደረጋል? ዓለም ጠፍታ፣ ሰው ሁሉ አልቆ፣ እሱ እዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ቆርቆሮ እየለቀመ ቤት ይሠራል። የእኛ ጣሪያ ያፈሳል!»

«አብሮት የሚጫወት አለ?»

«ደሎ መና ለሥራ እስኪሄድ ገዳ ነበር። ያም ግልብጥ ነው። የጆይስቲኩን ዘንግ ወደ ላይ ሲገፋው ጨዋታው ወደ ታች እንዲያይ አድርጎ ካላስተካከለው መጫወት አይችልም። ሁሌ ቀይሮት ይሄዳል፤ ወንድዬ እየተሳደበ ይመልሰዋል።»

«ስትወጪ በሩስ?»

«ጫማው እንደተሸጎጠ ነበር። ግን ማን ያምነኛል?»

ተጠርቶ የመጣው ገዳ ሰላምታውን አሳምሮ ገባ። «አከም ጅርቱ፣ ኢንስፔክተር።»

«ይሄ ጨዋታ ምን ይዞ ነው ሰውን እንዲህ የሚያሰክረው?»

የገዳ ፊት በራ። «አገሩ ሁሉ ክፍት ነው። የትም ቢሄዱ ‹ወዴት ነው?› የሚልዎት የለም። ሁሉም በፈረሰበት ምድር በለቀሙት ቆርቆሮ አንድ ቤት ሲያቆሙ፣ የቀመሰው ነው የሚያውቀው። እኔና ወንድዬ ከተራራው ሥር ቤት ነበረን።»

«ዛሬ ተጫወትክ?»

«ደሎ መና ከሄድኩ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ዛሬም ስመጣ በሩ ተቆልፎ ነበር። አንኳኳሁ፤ መልስ ሳጣ ሄድኩ።»

ሸዋርጋ ጆይስቲኩን አነሳች። ልጇ በጌም ያንገበግባት ስለነበር አያያዙ አልጠፋትም። ጥቂት ስትነካካ ቆየችና አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ወንድዬን በከሰሉ ጭስ የገደለው፣ ጫማውን አንስቶ በሩን የዘጋው ሰው ነው» አለች። «ሮሚ ዘግታው ከሄደች ገዳ አልገባም። ገዳ ገብቶ ከሆነ ግን ሮሚ በሩን አልዘጋችም። እስቲ ጋሽ ወዚር፣ ይቺን ዘንግ ወደ ላይ ይግፏት።»

ጋሽ ወዚር ገፉ። «ያ ረቢ! መሬት መሬቱን ያሳየኛል!»

ሮሚ ቀና ብላ ገዳን አየችው።

«ድሮ የቀየርኩት ይሆናላ» አለ ገዳ።

«ድሮማ ወንድዬ መልሶታል። በተገለበጠ እጅ ሲጫወት አልከረመም። ዛሬ፣ እሱ ከተኛ በኋላ፣ አንተ ተጫውተሃል። ስለዚህ በሩ ተቆልፎ አላገኘኸውም። ምን እንዳደረግክም ጨዋታው ያሳያል፤ የደረሱበትን እያስቀመጠ ይሄዳል። በመጨረሻው ላይ ከተራራው ሥር የፈረሰ ቤት አለ። ከዚያ በፊት የተቀመጠው ደግሞ ይኸው።»

አንድ ቤት ታየ። ሰማያዊ በር፣ ሰፊ በረንዳ፤ ቁርጥ ሮሚ ያደገችበት የጎባው ቤት። በሩ ላይ «ሮሚ» የሚል ተለጥፏል።

«የእኔና የእሱ ነበረ!» ገዳ ጮኸ። «የእኛን አፍርሶ ለእሷ ሠራበት! ደሎ መና ሆኜ ስናፍቀው የከረምኩት ቤት! ስመጣ ተኝቷል፤ ጨዋታውን ስከፍት የእሷ ስም! አፈረስኩት፤ ግን አልበረደልኝም። ስወጣ ጫማው እግሬ ሥር ነበር።»

«አንስተህም ከቀኙ ጫማ ጋር አጣመርከው፤ በሩንም ዘጋኸው» አለች ሸዋርጋ። ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሮሚ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሳችም። ይህን ሁሉ ጊዜ የቀናችው በገዛ ቤቷ ኖሯል። ሕፃኑን ለጋሽ ወዚር አቀበለችና ጆይስቲኩን ነክታ እንደማታውቅ ሰው በሁለት እጇ ያዘችው።

ሸዋርጋ የተገለበጠውን አቃናችላት።

«ኢንስፔክተር» አለች ሮሚ፤ «በሩ የሚከፈተው በየትኛው ነው?»