የያታኒ መዝገብ

«ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም።»

ለሊሴ ጽሑፉን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ጽሑፉ ደግሞ የሚያፍር ዓይነት አልነበረም፤ ባጠፋችው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

ፕሮግራሙን የጻፈው አባቷ ያታኒ ነበር። በማንያታ የከብት ገበያ ካራኒ፣ ማለትም መዝጋቢ ጸሐፊ፣ ሆኖ ሲሠራ፣ የማን ከብት ምን ምልክት እንዳለው የሚይዘውን መዝገብ ማታ ማታ ራሱን አስተምሮ ሠራው። እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር የድሮው ኮምፒውተርም ተከተለው፤ መዝገቡ ብቻ በፍላሽ ተረፈ። አዲሱ ላፕቶፕ ግን አልቀበልም አለ።

ውጭ ግራሩ ሥር አንዲት ግመል ታስራለች። ከዳበል የመጣችው ካልቶማ «ኡርጂ ናት፤ ከጠፋች አራት ወሯ። ልጆቼ የሚያድሩት በወተቷ ነው» ትላለች። ነጋዴው ሰሊም ደግሞ ኡራን ገበያ ላይ በምስክር ፊት እንደገዛት ይምላል። የጎሳው ምልክት በመቶ ግመል ላይ ስላለ ምልክቱ ብቻውን አይፈርድም። ስለዚህ ሽማግሌው ቦርቶ ቁርጡን ተናገሩ፤ «ያታኒ መዝግቧት ከሆነ የካልቶማ ናት። ካልመዘገባት ሰሊም ይጫናት።»

«በስድስት ሰዓት ሎሪዬ ይነሳል! ሀራካ! ቶሎ በሉ!» አለ ሰሊም በመስኮት። አምስት ተኩል ሆኗል።

«ድሮም ያረጀ ነገር ነው፤ ተይው» አለ አብሯት የሚማረው ዴኒስ ከጎኗ።

«አንተ ዝም ብለህ ሰዓቱን ቁጠር።»

የፕሮግራሙን ባሕርይ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። እዚያ ውስጥ «በዊንዶውስ ኤክስፒ ዓይነት አስነሳ» የሚል ምርጫ አገኘች። ፕሮግራሙን «አይዞህ፣ አሁንም የድሮ ቤትህ ውስጥ ነህ» ብሎ እንደ ማታለል ነው። ነካችው። ስክሪኑ ጠቆረና በአረንጓዴ ፊደል «እንደምን ዋላችሁ? ካራኒ ያታኒ» አለ።

ለሊሴ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። «ካልቶማ፣ ዳበል» ብላ ጻፈች።

«የለም» አለ መዝገቡ።

ደግማ ጻፈች። የለም።

«እህ ልጄ፣ አለ ወይስ የለም?» አሉ ቦርቶ ከበሩ።

«የለም በያቸውና እንሂድ» አለ ዴኒስ በሹክሹክታ። «ማሽኑ ነው ያለው፣ አንቺ አይደለሽም።»

እውነቱን ነው። ካልቶማን ቀና ብላ አየቻት፤ ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ እያጠነጠነች ነበር። ልትዋሽም ትችላለች። ግን አባቷ ዳበልን በእግሩ ያዳረሰ ሰው ነው፤ እንዴት አንዲት ግመል እንኳ አልመዘገበላትም?

«ገና አላወቅኩም፣ አባ ቦርቶ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ያኔ ዓይኗ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቀን ላይ አረፈ። 2026።

ትንሽ ሆና «አባባ፣ ኮምፒውተርህ ስምንት ዓመት ተኝቷል!» እያለች ታበሽቀው ነበር። አባቷ የተወለደው ከድንበሩ ወዲያ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ስለሆነ ኮምፒውተሩንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የሚያስኬደው። «ፈረንጅ ቸኩሎ ነው» ይላታል እየሳቀ። መዝገቡ ደግሞ ከተመዘገበ አሥር ዓመት የሞላውን ከብት ሞቷል ብሎ ይደብቃል። በአዲሱ ላፕቶፕ ቀን ከታየ፣ አባቷ የመዘገበው ከብት ሁሉ አርጅቶ አልቋል።

«አባ ቦርቶ፣ አባቴ ቀኑን የሚያስገባው በአበሻ ነበር። እዚህ ግን በፈረንጅ ነው» አለች። ሰው አባቷን ይስቅበታል ብላ አፈረች።

«ካራኒው ካሌንደር አያውቅም ነበር እንዴ?» ብሎ ሳቀ ዴኒስ።

«ሁለት ያውቅ ነበር! አንተ ስንት ታውቃለህ?» አለችው፤ እፍረቷም እዚያው ለቀቃት።

ቀኑን ወደ 2018 መለሰችው። «ካልቶማ፣ ዳበል።»

ስክሪኑ ሞላ። ለሊሴ ተነስታ ቆመችና ውጭ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበች፤ «ኡርጂ። ሴት ግመል። በግራ ጆሮዋ ሁለት ቁርጥ። በቀኝ ጉልበቷ ውስጠኛ በኩል የእሳት ጠባሳ። 2010!»

ቦርቶ ወደ ግራሩ ሄዱ። የግራ ጆሮዋን ገልጠው ቆጠሩ፤ ሁለት። ጎንበስ ብለው የቀኝ ጉልበቷን አቧራ በእጃቸው ጠረጉ። ጠባሳው እዚያው ነበር።

«ባሲ!» አሉ ቀና ብለው። «አለቀ።»

ካልቶማ እልልታዋን አቀለጠችው። ገበያተኛው ተቀበላት፤ ለሊሴም በመስኮቱ ብቅ ብላ አብራ እልል አለች። ሰሊም ገመዱን ከግራሩ ፈትቶ ለካልቶማ ሰጣት። «የሸጠልኝን ሰው ቤት አውቀዋለሁ» ብሎ ባዶ ሎሪው ላይ ወጣ።

«ያታኒ ሞቶም ይመሰክራል» አለች ካልቶማ የለሊሴን ግንባር እየሳመች።

ሁሉም ሲበተን ዴኒስ ላፕቶፑን ወደራሱ ሳበ። «ጎበዝ ነሽ ባክሽ! በይ አሁን ቀኑን ላስተካክለው።»

ለሊሴ እጁን በቀስታ ከላፕቶፑ ላይ አነሳችው። ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደች፣ ጻፈች፣ ስክሪኑ ሥር ለጠፈችው።

«ይህ ቀን ትክክል ነው። እንዳትነኩት። ለሊሴ ያታኒ።»